ለካምቢዮ የሰገድኩት ኢስቲኻራ

ኢስቲኻራ የሚሰገደው ለትዳር ነው፤ ለንግድ ነው፤ ለረጅም ጉዞ ነው። ሰው ሁለት መንገድ ፊቱ ተዘርግቶ የቱ እንደሚበጀው ሲጠፋው፣ ሁለት ረከዓ ሰግዶ “ጌታዬ፣ ኸይሩን አንተ ምረጥልኝ” ይላል። እኔ የደሴዋ ሉባባ ግን ይህን ሶላት ለመኪና ካምቢዮ ሰግጃለሁ። ያውም ለእሽቅድምድም መኪና። መሳቅ ያማራችሁ ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሐዋሳ የመጣሁት በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተመድቤ ነው። የማስተምረው ስለ መኪና ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው እንዴት እንደሚያላቅቅ፣ አንዱ ጥርስ ሌላውን እንዴት እንደሚያዞር ሰሌዳ ላይ ስዬ አስረዳለሁ። ራሴ ስነዳ ግን ከሦስተኛ ማርሽ ያለፍኩበትን ቀን አላስታውስም። ጥንቁቅ ነኝ። በር ቆልፌ እሄድና ተመልሼ እነቀንቀዋለሁ። ባልደረቦቼ “ሉባባ ሻይ ለማዘዝም ሽማግሌ ትሰበስባለች” ይሉኝ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ወርክሾፑን በኃላፊነት እንድይዝ ጠይቆኝ፣ “ላስብበት” እንዳልኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከአገር ርቃችሁ ስትኖሩ፣ ብወድቅ ማን ያነሳኛል ትላላችሁ። ስለዚህ ምንም አለመወሰን ከመሳሳት ያድናል። የኔ ስሌት ይኸው ነበር።

የተከራየሁት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ጋሽ ዳንጊሶ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ዳንጊሶ እዚያው ግቢያቸው ፊት ለፊት ጋራዥ አላቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ይመራሉ፤ ጓሯቸው ደግሞ እንሰት በእንሰት ነው። ልጃቸው ማርታ የእሽቅድምድም መኪና ትነዳለች። መኪናዋ አሮጌ ዲኤክስ ናት፤ የኋላ ወንበሯ ወልቆ፣ ውስጧ በብረት ቱቦ ታጥሮ፣ ጎኗ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ግማሹ ተልጧል።

በዚያ ሰሞን ማርታ ከባጃጅ ስትወርድ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው ከወጣላት በኋላ እጇ ተመለሰ፤ ልቧ ግን አልተመለሰም። ድሮ ከጋራዡ ሳቋ ከመዶሻው በላይ ይሰማ የነበረች ልጅ፣ መኪናዋን በሸራ ሸፍና ዞር ብላ አታያትም። የዓመቱ ውድድር ደግሞ እሁድ ነው፤ መኪኖች በጠመዝማዛ የአቧራ መንገድ በየተራ፣ በሰዓት እየተለኩ የሚሮጡበት።

ሰኞ ከክፍል ስመለስ ጋሽ ዳንጊሶ ከጋራዡ ደጃፍ ጠሩኝ።

“መምህርት፣ ነይ እስቲ። እንግዳ መጥቶልናል።”

እንግዳው ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ካምቢዮ ነበር። ውጭ አገር ያለ ዘመዳቸው የላከው የውድድር ካምቢዮ ነው። አጠገቡ የወንድማቸው ልጅ ታምራት ቆሟል። ታምራት እዚያው ጋራዥ መካኒክ ነው፤ መንዳትም ይችላል፤ አፉ ግን ከእጁም ከእግሩም ይፈጥናል።

“ቲቸር፣ ይሄን ማርሽ አስገቢው እስቲ!” አለኝ።

ዘንጉን ይዤ እንደለመድኩት ወደ ግራና ወደ ፊት ገፋሁት። ከብረቱ ውስጥ “ቋ!” የሚል ድምፅ ወጣ።

“አንደኛ አስገባሁ ብለሻል አይደል? የኋላ ማርሽ ነው ያስገባሽው!” ብሎ በሳቅ ወደቀ። “የዚህ አንደኛው ወደ ኋላ ተስቦ ነው የሚገባው። ሁሉም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።”

ጋሽ ዳንጊሶ አልሳቁም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጉዳዩን ዘረዘሩልኝ። መኪናዋ ላይ አሁን ያለው የተለመደው ካምቢዮ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ግን ማርታ በዚያ ሞክራ እጇን አሟት ወርዳለች። አዲሱ ፈጣን ነው፤ ግን ቆራጥ እጅ ይፈልጋል። ያለ ማመንታት ካልመቱት ይጮሃል።

“ለጠንካራ እጅ የተሠራ ነው” አለ ታምራት ክንዱን እያሳየ። “እሱን እንግጠምና እኔ ልንዳ። ማርታ ዘንድሮ ትረፍ።”

ጋሽ ዳንጊሶ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ዘንድሮ ካረፈች ሁለተኛ መሪ አትይዝም። ልጄን አውቃታለሁ። ፍርሃት አንዴ ቤት ከገባ ኪራዩን ከፍሎ የሚወጣ ተከራይ አይደለም። ስለዚህ መምህርት፣ አንቺ የተማርሽው ይሄንኑ ነው። በየትኛው ነው ልጄ ልትነዳ የምትችለው? መግጠሚያ ቀን ያስፈልገናል፤ ቶሎ ንገሪኝ።”

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። የለመደው አፌ “ላስብበት” ሊል ተከፈተ። ግን የጋሽ ዳንጊሶን ፊት ሳየው ባዶ ቃል ሆነብኝ።

“ጋሽ ዳንጊሶ፣ ኢስቲኻራ ልስገድበት” አልኩ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለ ታምራት።

አስረዳሁት። እትዬ አስቴር ጎመን የያዘ ሳህን ታቅፈው በር ላይ ደርሰው ኖሮ፣ “ግሩም ነው! እንዲህ ነው እንጂ!” አሉ። “ታዲያ ልጄ፣ መልሱን የሚነግርሽ በምንድን ነው? በራዕይ?”

“አንዳንድ ሰው በህልሙ ያያል ይላሉ” አልኩ። ስህተቴ ይህች ነበረች። ጉዳዩን እስከ ጠዋት ያሻገርኩ መስሎኝ፣ ጋራዡን በሙሉ ህልሜ ላይ ተከልኩት።

በማግሥቱ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ፊቴን ታጥቤ ስወጣ፣ ጋሽ ዳንጊሶ፣ እትዬ አስቴርና ታምራት ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል።

“አየሽ?” አሉ እትዬ አስቴር።

“ፍየል አየሁ” አልኩ። አልዋሸሁም፤ በህልሜ አንዲት ፍየል ደሴ ሰፈራችን ውስጥ ስትሄድ አይቻለሁ።

“ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ የምትሄደው?” አለ ታምራት።

“ዝም በል አንተ!” አሉት እትዬ አስቴር። “በቃሉ እንደተጻፈው ፍየሎች በግራ ነው የሚቆሙት። አንደኛ ማርሹ በግራ የሆነው የትኛው ነው?”

“የሁለቱም በግራ ነው፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ዛሬም ትስገድ” ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ ምንም አላየሁም። ማርታ ብቻ ነበረች ደጄ የመጣችው። ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛለች። “አየሽ?” አላለችኝም። “ሉቤ፣ አትጨናነቂ” አለችኝ። “ታምራት ይንዳው። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ አጨበጭባለሁ።” ፈገግ ለማለት ሞከረች። እኔ ያቺን ፈገግታ ማየት አቃተኝ።

ክፍሌ ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ኢስቲኻራ ሰግጄ መልስ አጣሁ።”

እልልታዋ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሌን ሞላው። “አልሐምዱሊላህ! የማን ልጅ ነው?”

“እማዬ፣ የመኪና ካምቢዮ ነው።”

በጣም በረጋ ድምፅ፣ “ሉባባ፣ በደንብ ትበያለሽ ግን?” አለችኝ።

ከሳቅን በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ማርታ እጅ፣ ስለ ህልሙ፣ ስለ ፍየሏም ጭምር። እናቴ ቁርኣን የቀራች ናት። “ልጄ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ” አለችኝ። “ማን ነው ህልም ጠብቂ ያለሽ? ኢስቲኻራ ሰግዶ መተኛት የለም። ሰግደሽ ትነሺና ትማከሪያለሽ፤ ልብሽ ወዳዘነበለው ትራመጃለሽ። ኸይር ከሆነ አላህ ያገራዋል፣ መንገዱን ያቀናዋል፤ ካልሆነ ደጁን ይዘጋዋል። አንቺ ግን በሩን ሳትገፊ እንዴት መዘጋቱን ታውቂያለሽ? ተነሺ፣ ሰው ጠይቂ!”

ሰው ጠይቂ። ከሰኞ ጀምሮ ማንን ነበር የጠየቅኩት? መጽሐፍ ገልጫለሁ፣ ሰግጃለሁ፣ ተኝቻለሁ።

ከሰዓት ስመለስ ጋሽ ዳንጊሶ ትዕግሥታቸው አልቆ ኖሮ፣ ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጎማዎች በክብ ተደርድረዋል። ሁላችንንም አስቀመጡን። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ ጉባኤ የሚከፈተው “አፊኒ?” ተብሎ ነው፤ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። ጉዳዩ ለሁሉም ሳይደርስ፣ ሁሉም ያለውን ሳይናገር ፍርድ የለም። ስለ ድንበርና ስለ ከብት የሚባለው ወግ ያን ቀን ለካምቢዮ ተባለ።

“አፊኒ?” አሉ ጋሽ ዳንጊሶ፤ ዞረው እያንዳንዳችንን አዩን።

ታምራት ተናገረ፤ አዲሱ ይገጠም፣ እኔ ልንዳ አለ። እትዬ አስቴር፣ “እሁድ ቀን መሆኑ ራሱ ደስ አይለኝም፤ ከነዳችም በለስላሳው ትንዳ” አሉ። ጋሽ ዳንጊሶም ለስላሳው ይሻላል አሉ፤ አነጋገራቸው ላይ ግን ተስፋ አልነበረም። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

“መምህርት?”

እውነቱን ለመናገር የኔም ልብ ወደ ለስላሳው ያጋደለ ነበር፤ ጥንቁቅ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚመርጠው። ግን የእናቴ ቃል ምላሴ ላይ መጣ።

“ህልም አላየሁም” አልኩ። ታምራት ሊስቅ ሲል በክርኔ ጎሸምኩት። “ግን አንድ ያልተናገረ ሰው አለ። ማርታን ማንም አልሰማትም።”

ማርታ ጥግ ላይ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ነበረች። ሁሉም ዞረው አዩዋት። እኔም እንደገባኝ፣ እጇን ያልነካ ሰው አልነበረም፤ ወጌሻው ነካው፣ ሐኪሙ ነካው፣ ታምራት “ጨብጪኝ እስቲ፣ ጉልበት አለሽ?” እያለ ነካው። እጇ ምን እንደሚል ግን የጠየቀ የለም።

“ማርታዬ፣ መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?” አልኳት። “ስትገፊ ነው ስትስቢ?”

ባዶ አየር ላይ ማርሽ እንደሚቀይር ሰው እጇን አንቀሳቀሰች።

“ስገፋ አያመኝም” አለች ቀስ ብላ። “ስስብም አያመኝም። እንዲህ… ሳዞረው ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስሄድ መሃል ላይ ወደ ጎን ታጥፎ እንደገና ይገፋል አይደል? እዚያች ላይ ነው ቢላ የሚገባብኝ።”

እኔ ቆሜያለሁ፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁና ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክኩ።

“እዩ” አልኩ። “የተለመደው ካምቢዮ እንዲህ ነው። ሁለተኛው እዚህ ኋላ፣ ሦስተኛው እዚያ ፊት፤ ግን በሌላ መስመር ላይ። ስለዚህ እጅ ይጠማዘዛል። ይሄኛው አዲሱ ደግሞ…” ጠመኔው ተሰበረ፤ በስባሪው ቀጠልኩ። “አንደኛውን ወደ ጥግ ስላስወጣው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ፊት ለፊት ናቸው። አንድ ቀጥ ያለ መስመር! መግፋት፣ መሳብ፤ መግፋት፣ መሳብ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ማርታ የምትመላለሰው በሁለቱ መካከል ነው። እጇን የምታዞረው ስትነሳና ሜዳው ላይ አራተኛ ስትገባ ብቻ ነው።”

ጋሽ ዳንጊሶ ጎንበስ ብለው ሥዕሉን አዩ። ማርታም መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። በጣቷ መስመሩን ተከተለችው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

“ይሄ አያመኝም” አለች።

“ለጠንካራ እጅ ነው የተሠራው ያላችሁ ማን ነው?” አሉ እትዬ አስቴር ታምራትን እያዩ።

ታምራት ጭንቅላቱን አከከ። “እሺ፣ ግን አንድ ነገር ላንሳ። መነሻ ላይ ልማድ ሆኖባት እጇ ወደ ፊት ከሄደ የኋላ ማርሽ ትገባለች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ መኪና አለ። ያኔስ?”

ያነሳው ነገር ልክ ነበር። ሁሉም እኔን አዩ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ድሮ “ላስብበት” የምለው። “አዲሱ ይገጠም” አልኩ። “እጇ እስኪለምደው ከእሁድ በፊት ትለማመዳለች።”

ካምቢዮውን ለመግጠም ጋሽ ዳንጊሶና ታምራት ሐሙስን ሙሉ ከመኪናዋ ሥር ዋሉ። ዓርብ ከጁሙዓ ስመለስ መኪናዋ ከክሪክ ወርዳለች። ታምራት “ደኅንነቱን ቀድሜ ላረጋግጥ” ብሎ በክብር ገባ። የራስ ቁሩን አጠለቀ። ለሁላችንም እጁን አውለበለበ። ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጁን ረገጠ።

መኪናዋ ወደ ኋላ ተወነጨፈች። በጓሮው በር አልፋ የእትዬ አስቴር እንሰት ውስጥ እስከ በሯ ተቀበረች። ሰፊ ሰፊው ቅጠል እንደ ጃንጥላ ላይዋ ላይ ተዘረጋ። ታምራት ከነራስ ቁሩ በመስኮት ብቅ አለ።

“አልኩ አይደል!” አለ።

እትዬ አስቴር መሐረባቸውን ወርውረው፣ “እንሰቴን! ሦስት ዓመት ያሳደግሁትን እንሰት! ና ውጣ አንተ!” እያሉ ሲያባርሩት፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ማርታ ነበረች። ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ያ ከመዶሻ በላይ የሚሰማው ሳቋ ነው። ጋሽ ዳንጊሶ መኪናዋን ትተው ልጃቸውን ያያሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ማርታ ሳቋን ስትጨርስ መሐረቧን አጥብቃ አሰረች። “ቁልፉን አምጣ” አለችው ታምራትን። ቀጥላ ወደኔ ዞረች። “ሉቤ፣ አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ መታጠፊያውን ካልጠራሽልኝ ግን አልነዳም። ‘አዲሱ ይገጠም’ ያልሽው አንቺ ነሽ።”

“እኔ? ማርታዬ፣ እኔ ባጃጅ ውስጥም ብረቱን ይዤ ነው የምቀመጠው!”

“እሱማ ጥሩ፤ እዚህ የሚያዝ ብረት ሞልቷል።”

እንደገና መስገድ አማረኝ። ግን የሰገድኩት ሶላት መልስ እዚያ በተከፈተው በር እየጠበቀኝ እንደሆነ ልቤ ነገረኝ። በሩን ሳትገፊ እንዴት ታውቂያለሽ? “ቢስሚላህ” ብዬ ገባሁ።

ዓርብ ማታና ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኮረኮንች ተለማመድን። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ። መግፋት፣ መሳብ። እኔ መታጠፊያውን እጮሃለሁ፤ በየመሃሉ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እቀራለሁ። “ቀስ፣ ግራ እጥፍ፣ ያ አላህ፣ ቀኝ፣ ያ ረብ!” ስል ማርታ፣ “ያ ረብ ስንተኛ ማርሽ ነው?” ትለኛለች።

እሁድ ከሰዓት ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ሸንኮራ የሚግጥ፣ ባጃጅ ጣሪያ ላይ የወጣ፣ ሕፃን የተሸከመ። ከተራችን በፊት የመኪናዋን ሸራ አንጥፌ የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰገድኩ። ስጨርስ እትዬ አስቴር ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ። እሁድ መሆኑን ይቅር ብለዋል። “አይዞሽ፣ ይሄ ካምቢዮ ከሁለታችንም በኩል ተጸልዮለታል” አሉኝ። የራስ ቁሩን በሒጃቤ ላይ ሳጠልቅ ታምራት “ድርብ ጥበቃ!” ብሎ ማሰሪያውን አጠበቀልኝ።

መነሻ መስመሩ ላይ ቆምን። ከኋላችን ሌላ መኪና ተራ ይጠብቃል። ባንዲራ የያዘው ሰው እጁን አነሳ። ማርታን አየኋት። ፊቷ ነጥቷል። ዓይኗ ባንዲራው ላይ ተተክሎ፣ እጇ በራሱ ጊዜ፣ ለዓመታት በለመደው መንገድ፣ ወደ ግራና ወደ ፊት መሄድ ጀመረ።

ለመጮህ ጊዜ አልነበረም። ግራ እጄን ዘርግቼ መዳፌን ከዘንጉ ፊት አቆምኩ። እጇ እጄን መታው፤ ቆመ። ዞር ብላ አየችኝ። ለአፍታ ብቻ። ከዚያ ወደ ራሷ ሳበችው። አንደኛ ገባ።

ባንዲራው ወረደ።

የቀረውን እንዴት ልንገራችሁ? አቧራ ነበር፤ ጩኸት ነበር። እኔ መታጠፊያውን እጠራለሁ፤ እጇ ይገፋል፣ ይስባል፤ ካምቢዮው አንድም ጊዜ አልጮኸም። ከመካከለኛው መታጠፊያ በኋላ የሰማሁት የሞተር ድምፅ መስሎኝ ነበር። የኔው እልልታ ኖሯል።

አንደኛ አልወጣንም። መጨረሻም አልወጣንም። ከመኪናው ስንወርድ ጋሽ ዳንጊሶ ሰዓቱን የያዘውን ሰው አልጠየቁም። ቀጥ ብለው መጡና የማርታን ቀኝ እጅ በሁለት መዳፋቸው ያዙት።

“አመመሽ?”

“ሁለት ቦታ ላይ ብቻ፣ አባዬ።”

“ቀጣዩንስ?”

“ቀጣዩንም እኔ ነኝ የምነዳው” አለች። ታምራት አንድ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ሆኖ ካፏጨው ፉጨት ጆሮዬ እስከ ማታ ሲጮህ አመሸ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ምናልባት ከመካከላችሁ እንደኔ መልስ ጠባቂ አለ። ያ ሰሞን ያስተማረኝ ይህ ነው፤ ጌታዬ መልሱን ሲልክልኝ የነበረው በእናቴ አፍ፣ በእንግዳ አገር ሽማግሌ ወግና በአንዲት ልጅ በሚታመም አንጓ ነበር። እኔ ግን ትራሴ ላይ ስፈልገው ከረምኩ። በማግሥቱ ሰኞ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ወርክሾፑን እንደምይዝ ተናገርኩ። “አሰብሽበት?” አለኝ። “ተማክሬበታለሁ” አልኩት። እውነቴን ነበር። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ለሚለው ፍርሃቴም መልስ አግኝቻለሁ፤ ሐዋሳ ውስጥ የሚያነሱኝ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ አስቀድመው ይስቁብኛል እንጂ።

ጥንቃቄዬ ጠፋ እንዳትሉ። አልጠፋም፤ አላህም እንዲያጠፋብኝ አልፈልግም። ይህን እየጻፍኩ ማርታ ከደጅ ሆና ክላክስ ታደርጋለች፤ ዛሬ ልምምድ አለን። ቀበቶዬን ደጋግሜ እፈትሻለሁ፤ የበሩን መዝጊያ እነቀንቃለሁ። ግን እገባለሁ።